የሚያንኮራፋ ልጅ ለምን አልጋ ላይ ይሸናል?

አልጋ ላይ የሚሸና ልጅ ጤና ጣቢያ ሲቀርብ የሚወራው ስለ ሽንቱ ብቻ ነው። እናት "ስምንት ዓመት ሞላው፣ ዛሬም ፍራሹን ያረጥበዋል" ትላለች። የሽንት ምርመራ ይታዘዛል፣ ውጤቱ ንጹሕ ይሆናል፣ "ሲያድግ ይተወዋል" ተብሎ ይሸኛል። ሌሊት ያንኮራፋ እንደሆነ፣ አፉን ከፍቶ ይተኛ እንደሆነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኔ ግን ከሽንቱ በፊት መጠየቅ ያለበት ትንፋሹ ነው እላለሁ። ልጁ የሚያንኮራፋ ከሆነ የሌሊቱ ሽንት ምንጭ ፊኛው ሳይሆን ጉሮሮው ሊሆን ይችላልና።

በመጀመሪያ ልክ ልኩን እንወቅ። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ሌሊት ቢሸና እንደ ሕመም አይቆጠርም። በአምስት ዓመት ከመቶ ልጆች 15 ያህሉ ገና ሌሊት ይሸናሉ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ከሚሸኑት ውስጥ 15 ከመቶ ያህሉ ያለ ምንም ሕክምና ይተዋሉ። ከወላጆቹ አንዱ በልጅነቱ ይሸና ከነበረ ልጁም የመሽናት ዕድሉ ወደ 40 ከመቶ ይጠጋል፤ ሁለቱም ከነበሩ ከ70 ይበልጣል። ስለዚህ በዘር የመጣም አለ፣ በጊዜው የሚተውም አለ። በሌላ በኩል፣ በእንቅልፍ ትንፋሻቸው ከሚታፈን ልጆች ሲሶ ያህሉ አልጋ ላይ ይሸናሉ። ይህ ቁጥር በአጋጣሚ የመጣ አይደለም፤ በአካላችን ውስጥ የታወቀ መንገድ አለው።

መንገዱ እንዲህ ነው። አፍንጫችሁን በጣት ይዛችሁ፣ አፋችሁን ገጥማችሁ አየር ለመሳብ ሞክሩ። ደረታችሁ ወደ ውስጥ ሲሰረጎድ ይታወቃችኋል። ጉሮሮው በቶንሲል የጠበበ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ የሚያደርገው ይህንን ነው። አየር ሳይገባ ደረት ሲሳብ በደረት ውስጥ ያለው ግፊት በጣም ይወርዳል፤ ደምም ወደ ልብ በብዛት ይሳባል፣ የልብ የላይኛው ክፍልም ይለጠጣል። ልብ ይህን መለጠጥ የሚተረጉመው "ሰውነት ውስጥ ውሃ በዝቷል" ብሎ ነው። ወዲያው ጨውና ውሃ በሽንት እንዲወጣ ኩላሊትን የሚያዝ ሆርሞን ይለቃል። ልብ እንዲህ ያለ ሆርሞን እንደሚያመነጭ የታወቀው አዶልፎ ዴ ቦልድ ካናዳ ውስጥ በ1981 እ.ኤ.አ. በአይጦች ልብ ላይ ባደረገው ሥራ ነው። ከዚያ በፊት ልብ ደም ከመግፋት ያለፈ ሥራ ያለው አይመስልም ነበር።

ይኸው ሆርሞን ሌላም ጉዳት አለው። ጤነኛ ልጅ ሌሊት ሽንቱ የሚቀንስለት አንጎሉ ቫሶፕሬሲን የተባለ ውሃ ቆጣቢ ሆርሞን ስለሚጨምርለት ነው፤ ከልብ የሚወጣው ግን ይህን ያዳክመዋል። ውሃ ሳይጠጣ የተኛ ልጅ ፍራሹን የሚያጥለቀልቀው በዚህ የተነሳ ነው። አየር ለመሳብ በሚታገልበት ጊዜም የሆዱ ግፊት ፊኛውን ይጫነዋል።

ለምን አይነቃም? ወላጆችን በጣም የሚያናድደው ይህ ነው፤ "እንደ ሙት ነው የሚተኛው" ይባላል። ትንፋሹ በተዘጋ ቁጥር አንጎል ጉሮሮውን ለመክፈት ለቅጽበት ይባንናል፣ ከዚያ ተመልሶ ይተኛል። ይህ በአንድ ሌሊት ደጋግሞ ስለሚደርስ እንቅልፉ ይሰባበራል። እንቅልፍ የተራበ አንጎል ደግሞ ለመንቃት የሚፈልገው ቅስቀሳ ይበዛል፤ የሞላ ፊኛ ብቻውን አይበቃውም። ልጁ ሰንፎ ወይም አልታዘዝ ብሎ አይደለም። በዚህ ምክንያት ልጅን መግረፍ፣ በወንድሞቹ ፊት የረጠበውን ጋቢ ማሸከም፣ ጎረቤት ሰምቶ እንዲስቅበት ማድረግ ከባድ በደል ነው። ምንም የማይቆጣጠረውን ነገር እንደ ጥፋት እንቆጥርበታለን።

አሁን ወደ ማድመጡ እንምጣ፤ ምክንያቱም ከምርመራው ግማሹ እቤት ነው የሚሠራው።

ልጅ ገና እንደተኛ ቢደመጥ ጸጥ ብሎ ሊገኝ ይችላል። የልጆች የትንፋሽ መታፈን የሚበረታው ሕልም በሚታይበት የእንቅልፍ ክፍል ነው፤ እሱም የሚበዛው ወደ ንጋት፣ ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ወሎ ውስጥ ይህ ሰዓት ለብዙ ቤት እንግዳ አይደለም። በረመዳን ለስሁር የሚነሳ አለ፣ ለኪዳን ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወጣ አለ። በዚያው ከመብራቱ በፊት ለአምስት ደቂቃ ከልጁ ራስጌ ተቀመጡ። ስልክ ካለ ቪዲዮ ቅረጹ፤ ድምፁ ብቻ ሳይሆን ደረቱና ሆዱ እንዲታይ ብርድ ልብሱን ወደ ታች ዝቅ አድርጉ። የሁለት ሦስት ደቂቃ ቅጂ ለሐኪም ከረጅም ማብራሪያ የበለጠ ይነግረዋል።

የምትፈልጉት ይህን ነው፦ በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ ማንኮራፋት (ጉንፋን በያዘው ሳምንት ያለው አይቆጠርም)። ማንኮራፋቱ ድንገት ጸጥ ብሎ ደረቱ ግን እየታገለ መቆየት፣ ከዚያ በትንታ ወይም በሲቃ መመለስ። ስለ ጸጥታው ርዝመት አንድ ነገር ልጨምር። የአዋቂ ሰው ሲለካ 10 ሴኮንድ ይጠበቃል፤ በልጅ ግን ሁለት ትንፋሽ የሚያህል ጊዜ መቋረጡ ይበቃል፣ ይህም ከስድስት ሴኮንድ ብዙም አይርቅም። "ትንሽ ነው የሚያቆመው" ተብሎ አይታለፍ። ደረቱ ሲገባ ሆዱ የሚወጣ፣ ሆዱ ሲገባ ደረቱ የሚወጣ ከሆነም ጉሮሮው እየተዘጋ ነው። አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ፣ ወይም ተቀምጦ፣ ወይም በግንባሩ ተደፍቶ የሚተኛ ልጅ መንገዱን ለመክፈት እየሞከረ ነው። በደላንታ ብርድ ውስጥ በላብ የሚጠመቅ ልጅም ያው ነው፤ ላቡ ከሙቀት አልመጣም፣ ከትግል ነው።

ቀን ላይ የሚታየው ደግሞ ሰውን ያሳስታል። አዋቂ ሌሊት ሲታፈን ቀን ያንቀላፋል፤ ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ይቅበጠበጣል፣ ይነጫነጫል፣ ትምህርት አልይዘው ይላል። ጠዋት ራሱን ያመዋል። አፉ ሁሌ ክፍት ነው፤ እንጀራ ሲያኝክ አፉን መግጠም አይችልም፣ ምክንያቱም በአፍንጫው መተንፈስ አይችልም። ክብደቱም አልጨምር ሊል ይችላል፤ የበላውን በሌሊቱ ትግል ያቃጥለዋል፣ የዕድገት ሆርሞን የሚመነጭበት ጥልቅ እንቅልፍም ይሰባበርበታል።

ብዙ ወላጅ እዚህ ላይ "ቶንሲል እኮ የለበትም፣ ጉሮሮውን አሞት አያውቅም" ይላል። ቶንሲል ስንል የሚታወቀን ሕመሙ ነው፤ ለትንፋሽ ግን ወሳኙ ግዝፈቱ ነው። ፈጽሞ የማያምና የማይቆስል ቶንሲል መንገዱን ሊዘጋ ይችላል። ልጁን ወደ ብርሃን አዙራችሁ "አ" አስብሉት። ሁለቱ ቶንሲሎች በጎን ተደብቀው ከሆነ ጥሩ ነው፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከግማሽ በታች ከቀረ፣ ይልቁንም ሊነካኩ ከደረሱ ለሐኪም የሚነገር ነው። አዴኖይድ የሚባለው ከአፍንጫ ኋላ ያለው ሥጋ ግን በአፍ አይታይም። ሁለቱም ከሰውነት አንጻር በጣም የሚገዝፉት ከሁለት እስከ ስምንት ዓመት ባለው ጊዜ ነው፣ የልጆች መታፈንም የሚበዛው በዚሁ ዕድሜ ነው።

ስለ እንጥል ሳልናገር ማለፍ አልችልም። እንጥል ማስቆረጥና ቶንሲልን በጣት ማስቧጠጥ ዛሬም በየገጠሩ አለ፣ የሚያንኮራፋ ልጅም ለዚህ ይወሰዳል። መንገዱን የሚዘጉት በጎን ያሉት ቶንሲሎችና ከኋላ ያለው አዴኖይድ ናቸው፤ እንጥል መሐል ላይ የተንጠለጠለች ትንሽ ሥጋ ናት። እሷን መቁረጥ መታፈኑን አይፈታም። የሚተርፈው ደም መፍሰስ፣ ማመርቀዝ፣ በአንድ ምላጭ የሚተላለፍ በሽታና ቴታነስ ነው። ቆራጩ ታማኝ ሽማግሌ ቢሆንም ነገሩ አይለወጥም። እባካችሁ አታስቆርጡ።

ማንኮራፋት ቢገኝም ሌሎቹን ምክንያቶች መፈተሽ አይቀርም። አንደኛው አስቸኳይ ነው። አልጋ ላይ መሽናት ትቶ የነበረ ልጅ በድንገት መሽናት ከጀመረ፣ ውሃ ውሃ ካለና ከከሳ በዚያው ቀን የደም ስኳሩ ይታይ። የልጆች የስኳር በሽታ በቀናት ውስጥ ሕይወት የሚያሰጋ ደረጃ ይደርሳል፤ ለነገ አይባልም። ሽንቱ የሚያቃጥለው ወይም ትኩሳት ያለው የሽንት ምርመራ ያስፈልገዋል። ሆድ ድርቀት ደግሞ ብዙ ጊዜ ይረሳል፦ በዓይነ ምድር የሞላ አንጀት ፊኛውን ከኋላ ይጫነዋል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ወይም ከዚያ በታች የሚወጣ፣ ሲወጣም ጠጣር የሆነበት ልጅ መጀመሪያ ድርቀቱ ይታከም።

የፊኛውን አቅም እቤት መለካት ይቻላል። ግማሽ ሊትር የሃይላንድ ፕላስቲክ አፉን ቆርጣችሁ በ50 ሚሊ ሊትር ልዩነት ምልክት አድርጉበት፤ ለምልክቱ ፋርማሲ የሚሸጠው መርፌ የሌለው ስሪንጅ ይበቃል። ልጁ እቤት በሚውልበት ሁለት ቀን የሚሸናውን በሙሉ ለኩ፤ ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነሳ የሚሸናውን ግን አትቁጠሩ። ከተለካው ትልቁን ያዙ። የሚጠበቀው ልክ ዕድሜው ላይ አንድ ደምሮ በ30 ማባዛት ነው፤ ለሰባት ዓመት ልጅ 240 ሚሊ ሊትር። ትልቁ ከዚህ ከ65 ከመቶው ካነሰ (ለሰባት ዓመት ከ156 በታች) ፊኛው ራሱ ችግር አለበት ማለት ነው። ቀን ላይ የተለካው መደበኛ ሆኖ ሌሊት ፍራሹ የሚጥለቀለቅ ከሆነ ግን ሽንቱ ሌሊት በብዛት እየተመረተ ነው፤ የሚያንኮራፋው ልጅ ብዙ ጊዜ ከዚህ ወገን ነው።

ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ሁለቱን ምልክት በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሯቸው፦ "ያንኮራፋል፣ ትንፋሹም ይቋረጣል፣ አልጋ ላይም ይሸናል።" ለየብቻ ከተነገረ ሽንቱ ለአንዱ፣ ጉሮሮው ለሌላው ይቀራል። የማኅበረሰብ ጤና መድን ያላችሁ ሪፈሩን ከጤና ጣቢያ ጀምራችሁ በደረጃው አስጽፉ፤ ዘሎ ሆስፒታል የሄደ ወጪው በራሱ ላይ ሊወድቅ ይችላል። የሚያስፈልጋችሁ የአንገት በላይ ሐኪም ነው። በአንድ ሌሊት ትንፋሽን፣ አንጎልንና ልብን አብሮ የሚመዘግበው የእንቅልፍ ምርመራ ዋናው መለኪያ ነው፤ እሱ በሌለበት በምልክቱ፣ በቪዲዮው፣ በቶንሲሉ መጠንና አዴኖይዱን በሚያሳይ የጎን ራጅ ይወሰናል።

ጣት ላይ የሚሰካው የኦክሲጅን መለኪያ ብዙ ያሳስታል። ቀን ላይ ተለክቶ "ደህና ነው" ቢባል የሌሊቱን አይነግርም፤ ነቅቶ ያለ ልጅ ጉሮሮው አይዘጋም። መለካት ያለበት ተኝቶ፣ ሌሊቱን ሙሉ ነው፤ የሚፈለገውም በየተወሰነ ጊዜ እየተከታተለ የሚወርድ መስመር ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የጤነኛ ልጅ ኦክሲጅን ራሱ ከባሕር ጠለል ካለው ዝቅ ይላል። በሌላ አገር መጽሐፍ ላይ ያለውን ቁጥር ወስዶ ከፍታቸው በሚለያይ በኮምቦልቻ፣ በደሴና በወገልጤና ላይ እኩል መተርጎም ስሕተት ነው።

መታፈኑ ቀላል ከሆነ ሕክምናው በአፍንጫ ይጀመራል። አውስትራሊያ ውስጥ ከ3 እስከ 12 ዓመት ያሉ 276 ልጆች የተካፈሉበትና በ2023 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ለስድስት ሳምንት እብጠት የሚያበርድ የስቴሮይድ የአፍንጫ ርጭትን ከተራ የጨው ውሃ ርጭት ጋር አወዳድሮ ነበር። በሁለቱም ወገን ከአሥር ልጆች አራት ያህሉ ምልክታቸው ጠፋ። የጨው ውሃ ማንም ቤት ይሠራል፦ አንድ ሊትር ውሃ አፍልታችሁ አቀዝቅዙ፣ አንድ ተኩል ያልተቆለለ የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ጨው (9 ግራም ገደማ) አሟሙበት። በላስቲክ የታሸገ ንጹሕ ጨው ይሁን፤ አፈር የነካው አሞሌ አይሆንም። ልጁ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ፣ አፉን ከፍቶ፣ በየአፍንጫው ከ2 እስከ 5 ሚሊ ሊትር ቀስ እያላችሁ ጠዋትና ማታ ስጡት። ሲያቃጥለው ወይ ጨው በዝቷል ወይ ውሃው ቀዝቅዟል። የተረፈውን በማግስቱ አፍሱት። ሞንቴሉካስት የሚባል ክኒንም ይታዘዛል፤ አንዳንድ ልጅ ላይ ቅዠት፣ ቁጣና ድብርት ስለሚያመጣ ጠባዩ የተለወጠ ልጅ መድኃኒቱን ያዘዘው ሐኪም ወዲያው ይወቅ።

ጭሱም አለ። ምድጃና መኝታ አንድ ክፍል በሆነበት ደጋ ቤት ኩበትና እንጨት ሲጨስ የሚያድር አፍንጫ ያብጣል። የልጁን መኝታ ከምድጃው ማራቅ፣ እሳቱ ከጠፋ በኋላ በር ከፍቶ ጭሱን ማስወጣት ርጭቱ እንዲሠራ ያግዘዋል። ማጀቱ ጭስ ሞልቶት አፍንጫ ብቻ ማጠብ ብዙ አያራምድም።

ቶንሲሉ ገዝፎ፣ መታፈኑ መካከለኛ ወይም ከባድ ከሆነ ግን ዋናው ሕክምና ቶንሲልንና አዴኖይድን ማውጣት ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ5 እስከ 9 ዓመት ያሉ 464 ልጆች የገቡበትና በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው ትልቅ ጥናት ከሰባት ወር በኋላ ሲታይ፣ ከተሠራላቸው 79 ከመቶ፣ እየተጠበቁ ከቆዩት ደግሞ 46 ከመቶ የእንቅልፍ ምርመራቸው ተስተካክሏል። ስለዚህ ቀላል የሆነበት ልጅ በጥድፊያ ቢላዋ ሥር አይገባም፤ ከባድ የሆነበትም ዓመታት አይጠብቅም። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ወጥቶ ሌላው ከቀረ ማንኮራፋቱ ሊቀጥል ስለሚችል ሁለቱም መታየታቸውን ጠይቁ።

ሽንቱስ? ቀዶ ሕክምናው ከተሠራላቸው ግማሽ ያህሉ ሙሉ በሙሉ ይተዋሉ፣ ሌሎች ይቀንሳሉ፣ የቀሩት እንዳሉ ይቆያሉ። ለውጡ በሳምንታት የሚታይባቸው አሉ፣ እስከ ስድስት ወር የሚወስድባቸውም አሉ። ቀዶ ሕክምናው የሚሠራው ለትንፋሹ ነው። የማያንኮራፋ ልጅ ለሽንት ተብሎ ቶንሲሉ አይወጣም።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለሕመሙ ፓራሲታሞልና ሐኪሙ ከፈቀደ አይቡፕሮፌን፣ በክብደቱ ልክ፣ በሰዓቱ ይሰጠው። ኮዴይንና ትራማዶል ለእንዲህ ያለ ልጅ አይሰጡም፤ አንዳንዱ አካል ኮዴይንን በፍጥነት ወደ ሞርፊን ይለውጠውና ትንፋሽ ይቆማል። መዋጥ ቢያመውም ይጠጣ፤ ጉሮሮው የደረቀ ልጅ ሕመሙም የመድማት ዕድሉም ይብሳል። ቅርፊቱ ከአምስተኛው እስከ አሥረኛው ቀን ሲላቀቅ ሊደማ ይችላል። ደም የተፋ፣ ወይም ተኝቶ ደጋግሞ የሚውጥ ልጅ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል። ቤታችሁ ከከተማ ርቆ ከሆነ ለእነዚያ ቀናት ደሴ ወይም ወልዲያ ዘመድ ቤት መቆየቱን ከወዲሁ አስቡበት።

ትንፋሹ ተስተካክሎ ሦስት ወር አልፎም ከሸና ያኔ የሽንቱ ሕክምና ይጀመር፤ አሁን የመሥራት ዕድሉ ሰፊ ነው። እርጥበት ሲነካው የሚጮኸው ማንቂያ መሣሪያ 14 ተከታታይ ደረቅ ሌሊት እስኪገኝ በየሌሊቱ ይደረጋል፣ ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይፈጃል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጩኸቱን የሚሰማው ወላጅ እንጂ ልጁ አይደለም፤ ተነሥታችሁ ሙሉ በሙሉ ቀስቅሱት፣ በእግሩ ሄዶ ይሽና። ተኝቶ ተሸክሞ ማሸናት ፍራሹን ያድናል እንጂ ልጁን አያስተምርም። ውሃ መከልከልም ትክክል አይደለም፦ ቀን በደንብ ይጠጣ፣ ከመተኛቱ ሁለት ሰዓት በፊት ይቀንስ፣ ከምሽት የቡና ሥርዓት ላይ ሻይና በረካ ለልጅ አይቀዳ። ረመዳን መጾም የጀመረ ልጅ የቀኑን ውሃ በሙሉ በሌሊት ስለሚጠጣ በዚያ ወር መብዛቱ አያስገርም፤ አብዛኛውን በአፍጥር ሰዓት ይጠጣ፣ ለመኝታው ሲቃረብ ይቀንስ። ፍራሹ ላይ ላስቲክ፣ ከላዩ አንሶላ፣ ከዚያ የሚታጠብ ጋቢ ይነጠፍ።

እንደ ቫሶፕሬሲን ሽንት የሚቀንሰው፣ ዴስሞፕሬሲን የተባለው ክኒን ከመኝታ አንድ ሰዓት በፊት ይወሰዳል። ከመውሰዱ አንድ ሰዓት በፊት ጀምሮ ለቀጣዮቹ ስምንት ሰዓታት ልጁ ከጥቂት ጉንጭ በላይ ውሃ ከጠጣ የደሙ ጨው ይወርዳል፣ ሊንቀጠቀጥም ይችላል። ተቅማጥ ወይም ትውከት በያዘው ቀን አይሰጠው። ኢሚፕራሚንና አሚትሪፕቲሊን የተባሉት የድብርት መድኃኒቶችም ርካሽ በመሆናቸው ለሌሊት ሽንት ይታዘዛሉ፤ ከመጠን ያለፈ ግን የልብን ምት ያቆማል። ጠዋት ሸንቶ ያገኘ ልጅ "ሁለት ብውጥ ይሻለኛል" ብሎ ሊያስብ ስለሚችል፣ ታናናሾቹም ስላሉ፣ እነዚህ ክኒኖች በተቆለፈ ሳጥን ይቀመጡ፤ የሚሰጠውም ትልቅ ሰው ብቻ ይሁን።